ለምንጫችን ረዳት ፍለጋ፦ ከዝግባ አፋፍ እስከ ጋፋት

ዝግባ አፋፍ የት እንደሆነች የሚያውቅ አንባቢ ብዙ አይኖርም። ከገሳይ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ሽቅብ ስትወጡ፣ ነፋሱ ጋቢያችሁን በሁለት እጅ ማስያዝ ሲጀምር፣ ደርሳችኋል ማለት ነው። ስሟ እንደሚነግራችሁ ዝግባ ነበራት። አሁን የቀራት አፋፉ ነው። ዝግባዎቹ ጣልያን ደብረ ታቦር ከገባ በኋላ ለሰፈሩ ምሰሶ ይሆናሉ ተብለው ተቆርጠው፣ በእኛው ሰዎች ትከሻ ላይ ሆነው ሄደዋል።

ዛፍ ከሌለ ጎርፍ የሚይዘው የለም። ይህን ለተማሪዎቼ በተደጋጋሚ አስረድቻለሁ። ከአፋፉ በታች ልጃገረዶች በዝላይ የሚሻገሯት ፈፋ ነበረች፤ በአንድ ክረምት በሬ የምትውጥ ቦረቦር ሆነች። ቦረቦሩ አፈሩን እየበላ ሽቅብ መጥቶ ከምንጫችን ራስ ሥር ደርሷል። ሌላ ክረምት እንዲሁ ከደረሰበት ምንጩ ይናዳል። ምንጩ ከተናደ ሴቶቻችን ውኃ የሚቀዱት ከወንዙ ገደል ወርደው ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ለዓመት አይችለውም። ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደየዘመዱ ይሄዳል፤ ዝግባ አፋፍም ከነአፋፏ ትጠፋለች።

ስለዚህ መንደሩ ተሰብስቦ፣ ደብረ ታቦር ሄዶ ረዳት የሚፈልግ ሰው ይላክ አለ። እኔ የተመረጥኩት ብዙ ስለምናገር ነው። አያ ደምሌ የተመረጡት ምንም ስለማይናገሩ ነው። እኔ ጦርነቱ የምሠራበትን ትምህርት ቤት ሲያስዘጋው ወደዚህ መጥቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ልጆች የማስነብብ ወጣት ነኝ፤ ሚስት የለኝም፤ ያለኝ አንዲት ጎጆና አንድ ድስት ነው። ይህ የድስቱ ነገር በኋላ ስለሚያስፈልግ ልብ በሉልኝ። አያ ደምሌ ደግሞ በቅሎ ያላቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ከተመለስን ወዲህ «እንዴት ሆነ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

ሰኞ

የተነሳነው ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ነው። የአያ ደምሌ ባለቤት እትዬ ጥሩ በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅተውልን ነበር። እኔ ሥርዓት እወዳለሁና ዳቦ ቆሎውን በየቀኑ ከፋፍዬ በየጨርቁ ቋጠርኩት፤ የሰኞ፣ የማክሰኞ፣ የረቡዕ እያልኩ። ገሳይ ሳንደርስ አያ ደምሌ በቅሎዋ ላይ ሆነው አንዱን ቋጠሮ ፈትተው ሲቆረጥሙ አየኋቸው።

«አያ፣ እሱ እኮ የሐሙስ ነው» አልኳቸው።

«ቀኑ አልተጻፈበት» አሉና መቆርጠማቸውን ቀጠሉ።

መንገዱን በከንቱ ላለማሳለፍ፣ ደብረ ታቦር የማደርገውን ንግግር እየተለማመድኩ ሄድኩ። ንግግሩ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ጉዳቱን ይገልጻል። ሁለተኛው ሥራውን ያስረዳል፤ የድንጋይ ካብ ከቦረቦሩ ግርጌ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ መሠራት እንዳለበት፣ ከላይ ከተጀመረ ግን ጎርፉ ከሥሩ እየፈለፈለ እንደሚጥለው፣ ከካቡም በኋላ ችግኝ እንደሚተከል። ሦስተኛው ክፍል የሚያስፈልገንን ይጠይቃል፤ ድጅኖ፣ ኖራ፣ የሠራተኛ ቀለብ።

«እንዴት ነው፣ አያ?» አልኩ ስጨርስ።

«ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቀስቅሰኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ከገሳይ ወዲያ ያለው የጣልያን ጥርጊያ መንገድ ነው። እኛ አገር መንገድ አንዲት በቅሎ ታህል ነው የሚሰፋው፤ ሁለት በቅሎዎች ከተገናኙ ባለቤቶቹ የማን ልጅ እንደሆኑ ተጠያይቀው ዘመድ እስኪሆኑ ድረስ ማንም አያልፍም። የጣልያኑ መንገድ ግን ሁለት የጭነት መኪና ሰላም ሳይባባል ይተላለፍበታል። አንዱ መኪና እኛንም ሰላም ሳይለን መጣ። በቅሎዋ መኪና አይታ አታውቅም። አያ ደምሌን ከመንገዱ ዳር ካለ የገለባ ክምር ላይ በክብር አስቀምጣ፣ እኔ ልይዛት ስሮጥ በሶውን ከነአቁማዳው ራሴ ላይ ደፍታብኝ፣ ወደ ሰው አውድማ ገባች።

የአውድማው ባለቤት ሴትዮ ዱላ ይዘው ወጡ። መጀመሪያ በቅሎዋን ሰደቡ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ይኼ ደግሞ ማነው፣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ያደረ?»

«አስተማሪያችን ነው» አሉ አያ ደምሌ ከገለባው ውስጥ።

«እኔስ አመድ የነሰነሰ ባሕታዊ መስሎኝ ልሳለም ነበር።»

በዚህ ትውውቅ እዚያው እንድናድር ተደረገ። የባላቸው ወንድም በቅሎዋን አረጋጋ፤ ልብሴ ተራገፈ፤ የተራገፈውም በሶ ለዶሮ ተሰጠ። በእኛም አገር እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል፤ ግን እኛ ዘንድ አንድ ጣሳ ውኃ ለሁለት እንግዳ ነው፤ የታጠበበትም ለጥጃ ይቀመጣል። ሴትዮዋ እንስራውን ዘንበል አድርገው፣ ሳይሳሱ፣ ወሬ እያወሩ አፈሰሱት። ውኃው ከደጅ ወጥቶ ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። አያ ደምሌም ሲከተሉት አየኋቸው።

ማክሰኞ

ደብረ ታቦር የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ከተማዋን አይታችሁ ለማታውቁ ላስረዳ፦ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ባሕር ዛፍ የከበባት፣ ከሣር ክዳኑ መሃል አንዳንድ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅባት ናት። ከእኛ አገር ይልቅ ትሞቃለች፤ አያ ደምሌ ጋቢያቸውን አንድ እጥፍ ቀነሱ። ሌላውን ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ጫማዬ ተረከዙ ስለተገነጠለ፣ ስለ ከተማዋ የማስታውሰው በአብዛኛው ድንጋይዋን ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ቤተ ክርስቲያን ካልረዳን ማን ይረዳናል» ብዬ ነበር። ከደጁ አንድ ቄስ ጥላ ዘርግተው፣ ሥዕል ይዘው፣ ለክዳን እርዳታ ይለምናሉ። ቀርቤ ንግግሬን ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ክፍል ሳልወጣ ቄሱ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ክዳኑ ባለፈው ክረምት እንዴት እንዳፈሰሰ፣ ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ እንዴት ውኃ እንደተኛ፣ ለእኔ ይነግሩኝ ጀመር። አነጋገራቸው ያምራል፤ ክፍል የለውም፤ ሰውን ግን ይይዛል። ለረዳት ፍለጋ መጥተን፣ የኪሳችንን ለክዳን ሰጥተን ተሳልመን ወጣን።

«መልካም ጀምረናል» አሉ አያ ደምሌ። «እነሱ ውኃ በዛብን ይላሉ፣ እኛ አነሰን እንላለን። ሁለቱን ብናገናኝ ምን ነበር በላቸው እንጂ።»

ያደርነው የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ከሆኑት ከሐጂ ኑሩ ዘንድ ነው። አያ ደምሌ በደህናው ጊዜ ማርና ገብስ ይሸጡላቸው ነበር። ሐጂ ከሱቃቸው ጓሮ የጨው መጋዘናቸውን ጠርገው አነጠፉልን። ከዚያም እኛ ክርስቲያን ስለሆንን በእነሱ ቤት የታረደ እንዳንቸገር ብለው፣ ጎረቤታቸውን ክርስቲያኗን ሴት እራት አሠርተው አስመጡልን። ራሳቸው ከበሩ ላይ ቆመው፣ «ብሉ፣ ብሉ፣ እኔ አልነካሁትም» እያሉ ያስቁን ነበር። እኔ ይህን ያህል የተጠነቀቀልን ሰው በገዛ መንደራችንም አላየሁ።

ንግግሬን ለሐጂም አደረግሁላቸው። ሦስቱንም ክፍል ሰሙ።

«ልጄ» አሉ፣ «ዘንድሮ ገበያው ራሱ ረዳት የሚፈልግ ነው። ግን ለውኃ የሚሰጥ ለእኛም ትልቅ ሰደቃ ነው። ሥራው የጀመረ ቀን ብቻ ላኩብኝ። ላልጀመረ ሥራ ምንም አልሰጥም፤ አባቴም እንዲህ ነበር።»

«ረዳት ካላገኘን እኮ አይጀመርም፣ ሐጂ።»

«እሱን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ፤ አስተማሪው አንተ ነህ» አሉና መብራቱን ይዘው ሄዱ።

ረቡዕ

የቀረን የጣልያን ሹም ቢሮ ነው። አያ ደምሌ መሄዱን አልወደዱትም። እኔ ግን ዛፋችንን የወሰደ፣ ኖራ ቢሰጠን ምን ነውር አለው ብዬ ተከራከርኩ። ከጠዋት ጀምሮ ከደጅ ቆምን። ፀሐይዋ ከግንቡ ወዲያ ማዶ ስትሻገር ተጠራን።

ሹሙ በዚህ ጉዞ ሁሉ ንግግሬን ሳያዛጉ የሰሙልኝ ብቸኛ ሰው ናቸው፤ ምክንያቱም አንድም ቃል አይገባቸውም። አስተርጓሚው የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ሦስቱን ክፍል ጨርሼ ላቤን ስጠርግ፣ እሱ አንዲት አጭር ነገር ተናግሮ ዝም አለ።

«ይኼ ብቻ ነው?» አልኩት።

«‹ውኃ ይፈልጋሉ› አልኳቸው። ሌላ ነገር ነበረው እንዴ?»

ሹሙ ግን ደስ አላቸው። ሲሚንቶ እንሰጣለን አሉ። የብረት ቧንቧም እንሰጣለን፤ ችግኝም ከመንግሥት ቦታ ይመጣል አሉ። እኔ ከወንበሩ ልነሳ ምንም አልቀረኝ። ቀጥሎ አስተርጓሚው የሚከተለውን ነገረን፦ ከምንጩ ፊት የሹሙ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ይቆማል። በሚመረቅበት ቀን የመንደሩ ሰው ነጭ ለብሶ፣ ተሰልፎ፣ እጁን ዘርግቶ ፎቶግራፍ ይነሳል። ከዚያ ደግሞ፣ ለደግነቱ ምስጋና፣ መንደሩ ለመንገዱ ሥራ ወጣቶቹን ይልካል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ለጊዜው አልተወሰነም።

አያ ደምሌ በዚያ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስኪ ጠይቅልኝ። ስሙ የሚጻፈው ውኃውን ያዳነው ከሆነ፣ ዝግባውን የቆረጠውስ አብሮ ይጻፋል? ሁለት ሰው ናቸው ወይስ አንድ?»

አስተርጓሚው መጀመሪያ አያ ደምሌን፣ ቀጥሎ በሩን አየ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞሮ በጣልያንኛ ተናገረ፤ ሹሙም ፈገግ ብለው የአያ ደምሌን እጅ ጨበጡ።

ከደጅ ወጥተን «ምን አልካቸው?» ብለው አያ ደምሌ ጠየቁት።

«ሽማግሌው አመስግነዋል አልኳቸው» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ያን ድንጋይ ያቆማችሁት ቀን ዱር ያሉት አርበኞች መጥተው ከነምንጩ ይነቅሉታል። ካላቆማችሁት ደግሞ እነዚህ ይመጣሉ። እኔን ከሰማችሁ፣ ‹እንመክርበታለን› ብላችሁ ሂዱና ምክሩን አታሳጥሩት።»

ወደ ሐጂ ቤት ስንመለስ ቧንቧው ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነበር። የብረት ቧንቧ በገሳይ ምድር ማን አለው? «አያ፣ ድንጋዩን ከኋላ በኩል ብናደርገውስ?» አልኩ።

«ልጆቹንስ በየት በኩል እናድርጋቸው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ቧንቧ አላነሳሁም።

ሐሙስ

«እንመክርበታለን» የሚል መልስ ለአስተርጓሚው ትተን፣ ባዶ እጃችንን ወደ አገራችን ተነሳን። ቀኑ ጥር አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት ናት። አያ ደምሌ ጋፋት የሚኖር የአክስታቸው ልጅ አላቸው። ጋፋት ከመንገዳችን እምብዛም አይርቅም፤ በበዓል ቀን የዘመድን ደጅ ማለፍ ደግሞ የሚቻል አይደለም። ጋፋት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ የተሠራባት ቦታ ናት። ስለዚህ ብዙ የማስረዳው ነበረኝ፤ ነገር ግን ዛሬ የምታዩት የገብስ ማሳና የእግር መንገድ ነው፤ አያ ደምሌም «መድፉ ካለ አሳየኝ፣ ከሌለ ቶሎ እንሂድ፣ ጠላው ይሞቃል» ስላሉኝ ተውኩት።

በዘመዳቸው ቤት የጽዋ ማኅበር ላይ ደረስን። ማኅበርተኛው በየወሩ በዚህች ቀን በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላሉ፤ የጋፋቱ ሙሴ ድምፃቸው ከቤቱ የሚሰፋ ግዙፍ ገበሬ ናቸው። እኛን ከላይ አስቀመጡን፤ ዳቦ ተቆርሶ ጠላ ተቀዳልን። «ከየት ወዴት?» ስባል ነገርኳቸው። በየቤቱ የተለማመድኩት ንግግር ስለሆነ ያለ መሰናክል ፈሰሰ። በሁለተኛው ክፍል መሃል ዙሪያውን ባይ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አያ ደምሌማ በግልጽ ያንኮራፋሉ። እንዲህም ሆኖ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ የጀመርኩትን ማቋረጥ አልወድም።

ከዚያ የስንብቱ ሰዓት መጣ። የማኅበሩ ቄስ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። በጣም ያረጁ ቄስ ናቸው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቆሙ፤ ማንም አልተነሳም። ይህ ጎረቤቱን ያያል፤ ያኛው ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። እኔም እያዘንኩ አየሁ፤ ሽማግሌው ደክሟቸዋል፣ ጽዋው ይወድቃል። እኛ አገር በማኅበር ጽዋውን ከቄሱ የሚቀበለው ከተገኙት ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው ነው፤ ተቀብሎም ወደ ባለ ተራው ቤት ያደርሰዋል። ከተቀመጡት የማንስ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ተነሳሁ፤ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ቄሱ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁኝ። ሴቶቹ ከጓዳ ወጡ። ሙሴው እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ሳይታወቅ አቀፉኝ። በዚህ ሁሉ መሃል አያ ደምሌ ነቅተው ያዩኛል፤ ፊታቸው እንደ ጉና ድንጋይ ነው።

«ምን አደረግህ፣ አንተ ልጅ?»

«ቄሱን ረዳሁ።»

«ረዳህ!» አሉ። «ጋፋት ጽዋ የሚቀበል የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው። የሚቀጥለው ወር ደግሞ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የዓመቱ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምነው እግራቸው ከመሬት ተጣበቀ ብለህ ነበር? ዓመቱ ከፍቶ ማን ይደግስ ብለው እኮ ነው የተፋጠጡት!»

ላስረዳ ሞከርኩ። ስለ እኛ አገር ልማድ ተናገርኩ፤ ስለ አንዲቷ ጎጆዬ፣ ስለ ድስቴም ጭምር። ሙሴው በፍቅር ሰሙኝ።

«ይገባኛል፣ የኔ ልጅ፣ ይገባኛል። ግን የተቀበልከው ከእኔ እጅ አይደለም፤ ከእሷ ከኪዳነ ምሕረት ነው። መልስልኝ ብትለኝ ለማን ልመልስልህ?» ወደ ማኅበሩ ዞረው ጮኹ፦ «ዝግባ አፋፍ ሩቅ ነው የሚል አለ?»

ሁሉም «የለም!» አሉ። ሌላ ሰው መደገሱ ያስደሰተው ሰው ርቀት አይፈራም።

ዓርብ

ጽዋውን ደረቴ ላይ ታቅፌ ተጓዝኩ። አያ ደምሌ በቅሎዋን ለእኔ ለቀው በእግራቸው ሄዱ፤ ለእኔ አዝነው ሳይሆን ለጽዋው ነው። በቅሎዋም፣ መኪና ያስበረገጋት ያቺው በቅሎ፣ እንቁላል እንደተሸከመች ቀስ እያለች ሄደች። የሰኞዋ ሴትዮ ከደጃቸው ሆነው አይተውን ወጡና ጽዋውን ተሳለሙ። ነገሩን ከአያ ደምሌ ሲሰሙ ሳቃቸው እስከ አውድማው ተከተለን። ዳሩ ግን ስንለያይ አንድ ቁና ብቅል አምጥተው በቅሎዋ ላይ ጫኑ። «ለድግስህ» አሉ። በእኛ አገር የማያውቁት ሰው ብቅል አይሰጥም፤ ይህንንም መጻፍ ይገባኛል።

መንደራችን ስንደርስ ሰዉ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

«ረዳት አገኛችሁ?» ተባልን።

«እንግዳ አገኘን» አሉ አያ ደምሌ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልጽፈውም። እትዬ ጥሩ ግን ወገባቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ውኃ አምጣ ብለን ሰደን፣ ውኃ የሚጠጣ አመጣህልን» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሁዳዴ መግባቱ በጀህ። ቅቤና ሥጋ የለበትም። ድስትህን ወዲህ አምጣው፤ አንድም ብትሆን ድስት ናት።»

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት

ጉዞው አልቋል፤ ነገር ግን የጉዞው ፍሬ የመጣው በወሩ ነው። ሴቶቻችን ለጠላው የሚሆነውን ውኃ ከወንዙ ገደል ቀድተው አወጡ፤ ምንጩ በዚያን ጊዜ ጭቃ ያዘለ ጠብታ ብቻ ሆኖ ነበርና። እኔ በደረስኩበት ቤት ሁሉ ሴቶቹ እንስራ ከጀርባቸው ሲያወርዱ አይቼ መንገድ እየቀየርኩ ሰነበትኩ።

ጋፋቶች የመጡት በዋዜማው ወደ ማምሻው ነው። ከአፋፉ ላይ ሆኜ ቆጥሬ ለመጨረስ ፈራሁ። ሲቀርቡ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ በየትከሻቸው ላይ የተሸከሙት ዱላ አልነበረም። ድጅኖ ነው። ዶማ ነው። ሁለቱ አህዮቻቸው ደግሞ ሽምብራና ጨው ተጭነዋል።

«ሐጂ ኑሩ ልከውልሃል» አሉ ሙሴው ጭነቱን እያወረዱ። «ወደ ዝግባ አፋፍ ሥራ እንሄዳለን ብለን ገበያ ላይ አግኝተን ነገርናቸው። ‹ተጀመረ ማለት ነው› አሉና ጫኑ።»

«የምን ሥራ?» አልኩ።

ሙሴው ተገርመው አዩኝ። «አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከን? ካቡ ከግርጌ ይጀመራል፤ ከላይ ከተጀመረ ጎርፉ ከሥሩ ይፈለፍለዋል። ድጅኖ፣ ኖራ፣ ቀለብ። ኖራ አጣን፤ ሁለቱን ይዘናል።»

«ተኝታችሁ ነበር እኮ!»

«ዓይናችን ነው የተኛው» አሉ። «አንተን ዓይን ገልጦ መስማት ይከብዳል፣ እጅህን ታወናጭፋለህ።»

በበዓሉ ቀን ማንም ድንጋይ አላነሳም፤ አይነሳምም። ቅዳሴው አልቆ በአያ ደምሌ ቤት ተቀመጥን፤ የእኔ ጎጆ ሙሴውን ብቻ እንኳ አትይዝም። ንፍሮው ዞረ፤ ጠላው ተቀዳ። በመሃል ሙሴው ዋንጫቸውን ይዘው «ይኼ ጠላ ውኃው ከየት ነው? ምንጫችሁ ጭቃ ነው ብላችሁኝ የለም?» ብለው ጠየቁ። እትዬ ጥሩ ከጓዳ ሆነው የወንዙን ገደል ስም ተናገሩ። ሙሴው ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ትንሽ አሰቡ፤ መልሰው አነሱና እስከ ዝቃጩ ጠጡት። ሌላ እንዲቀዳላቸው ግን አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ ማንም አልፈቀደም።

በስንብቱ ሰዓት ሽማግሌው ቄስ ጽዋውን ይዘው ተነሱ። ያው ዝምታ መጣ። እኔ እጆቼን ከጋቢዬ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ። ጋፋቶች ጋፋቶችን ያያሉ።

አያ ደምሌ ተነሱ። ጎንበስ ብለው ተቀበሉ። እልልታው ከጓዳ በኩል የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እትዬ ጥሩ መጀመሪያ ባላቸውን በደንብ ማየት ነበረባቸው።

«አያ!» አልኳቸው ሲቀመጡ። «እርስዎም ቄሱን ረዱ?»

«ዝም በል» አሉ በሹክሹክታ። «ቦረቦሩን አይተኸዋል? ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ መጥቶ ይሂድ?»

ማግስቱ እሑድ ስለነበር አረፍን፤ ሰኞ ከጎህ ጀምሮ የጋፋትና የዝግባ አፋፍ ሰው ድንጋይ ሲያነሳ ዋለ። ከግርጌ ተጀመረ። እኔም ድንጋይ ተሸከምኩ፤ አንድ ሁለቴ ላስረዳ ስቆም «እሱን ስንጠጣ ትነግረናለህ» እየተባልኩ ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ። ማታ ላይ ከምንጩ ራስ ሥር ሦስት ካብ ቆመ። ኖራ የለበትም፤ የማንም ስም አልተጻፈበትም። ጋፋቶች በነጋታው ሲሄዱ ድጅኖና ዶማቸውን ከእኔ ጎጆ ጥግ አቁመው ተዉልን። «ለሚቀጥለው ወር ማን ተሸክሞ ያመላልሰዋል?» አሉ ሙሴው።

በመጋቢት መግቢያ ላይ ሳይታሰብ የበልግ ዝናብ ጣለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቦረቦሩ ሲያገሳ አደረ። ሲነጋ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ወረደ። ምንጩ በቦታው አለ፤ ጭቃው ወርዶ ውኃው ጠርቷል። እትዬ ጥሩ እንስራቸውን አስጠጉ። ሁለቱ ካቦች ደለል ይዘው ቆመዋል፤ የሦስተኛው ግን አንድ ጠርዙ ተንዷል።

ለምን እንደተናደ ማስረዳት ጀመርኩ። አያ ደምሌ የወደቀውን ድንጋይ በእግራቸው ገፋ አድርገው አዩት፤ ፊታቸውም የቆየ ወዳጅ እንዳገኘ ሰው ፈካ።

«ተመስገን» አሉ። «ለመጋቢት አሥራ ስድስት የሚሠራ ነገር ያልቅብናል ብዬ ሰግቼ ነበር።»